ከደንገል የተሠራ ማኅደር

“ይህን ጥቁር ሣጥን ይዘው እኔ መኪና ላይ አይወጡም” አለ ሹፌሩ ክንዱ፤ ሣጥኑንም ከወንበሩ ሥር ስቦ ወደ ሚኒባሱ በር በእግሩ ጫፍ ገፋው።

ባምላክ ጎንበስ ብሎ የሣጥኑን እጀታ ጨበጠ። “ቀስ በል እንጂ! ተሰባሪ ነው።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“የብረት መፈለጊያ ነው። የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እንፍራንዝ ላይ አፈር ውስጥ የጠፋ የቧንቧ መዝጊያ አለ፤ በዚህ ነው የምንፈልገው። ደብዳቤም ይዣለሁ፤ ማኅተም አለው።”

“ደብዳቤውን እኔ አነበብሁት እንበል። ራቅ ብሎ ቆሞ የሚያየኝ ጠባቂስ? እሱ የሚያየው ሣጥኑን ነው።” ክንዱ እጁን በሣጥኑ ላይ ዘርግቶ ለካው። “ልክ ክላሽ የሚያክል! ከዚህ እስከ እንፍራንዝ ሦስት ጊዜ እንፈተሻለን። ለአንድ ሰው ብዬ ዐሥራ አራት ሰው ላስለቅም?”

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ “ማሲንቆ ይሆናላ!” አለ።

“አዝማሪ ቢሆን እስካሁን ክንዱን ሰድቦ ያስቀን ነበር” ሲል ሌላው መለሰለት፤ ተሳፋሪው ሣቀ። ባምላክ ግን አልሣቀም። ሣጥኑን ተሸክሞ ወረደ፤ ሚኒባሱም የባሕር ዳርን መናኸሪያ ለቆ ያለ እሱ ሄደ።

በእንፍራንዝ አንድ ሰፈር ውኃ ካጣ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። መንገድ ሲስተካከል የተደፋው ገረጋንቲ የቧንቧውን መዝጊያ ቀብሮታል፤ ቦታውን በልቡ የሚያውቀው ሽማግሌ ቧንቧ ሠራተኛ በጥቅምት ዐርፏል፤ ንድፉም ከመዝገብ ቤት አልተገኘም። መንገዱን ሁሉ ቆፍሮ ከመፈለግ በቀር ያለው መላ ይህ አንድ ዕቃ ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሁለት መኪኖች በነዳጅ እጦት ከቆሙ ሰንብተዋል።

ባምላክን ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከነክነው ሌላ ነገር ነበር። ከዚህ በፊት የነበረውን መፈለጊያ በጆንያ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያሰረው እሱ ራሱ ነው። ወደ መሸንቲ ለሚወስደው አጭር መንገድ ብሎ ነበር የናቀው። ሲደርስ መሬቱን የሚዳስሰው ክብ ሰሌዳ ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። ማንም አልወቀሰውም፤ አለቃው እንኳ “ዕቃ ይሰበራል” ብሎ አለፈው። ተተኪው እስኪመጣ ግን ስምንት ወር ፈጀ፤ በስምንቱ ወር ውስጥ ያለ መፈለጊያ የተቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ ባምላክ አንድ በአንድ ያውቀዋል። አዲሱ ዕቃ የመጣው በዚህ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ማዕዘኑ በብረት የተለበጠ፣ ውስጡ በስፖንጅ የተሞላ። ሠሪዎቹ ዕቃው እንዳይሰበር ተጨንቀዋል፤ ተሸካሚው እንዳይጠረጠር ግን አላሰቡም።

አለቃው በስልክ፣ “እንደ ምንም ብለህ ነገ እንፍራንዝ ግባ” አለው።

ሚስቱ ወንጌላዊት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ተራዋ ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር ቤት አገኛት። ሣጥኑን ስታይ፣ “ይህ እኔንም ያስፈራኛል” አለችው። “ለሥራ የሚሄድ ሰው ዕቃ አይመስልም።”

“ታዲያ በምን ልውሰደው? በጆንያ አልወስደውም፤ ጆንያን አይቼዋለሁ።”

መልሱ የመጣው ከልጃቸው ከማህሌት ነው። ማህሌት ኮሌጅ ትማራለች፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም በገና ትደረድራለች። በገናዋን ከማኅደሩ አውጥታ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ባዶውን ማኅደር አምጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ቆዳ ነው፤ ውስጡ በጥጥ ተደልድሏል። መፈለጊያውን ፈታቱት፤ ሦስቱን ቁራጭ ዘንግ፣ ክቡን ሰሌዳ፣ ትንሹን መቆጣጠሪያና የጆሮ ማዳመጫውን አንድ በአንድ አስገቡት። ሁሉም ለሱ የተሰፋ ይመስል ተቀመጠ።

“እይ! ስትነቀንቀው እንኳ አይንኳኳም” አለች ማህሌት። “ደግሞም በፍተሻ ላይ በገና አይከፍቱም። ባለፈው ዓመት ወደ ጎንደር ስንሄድ ሁሉን አስወርደው ሲፈትሹ እኔን አንዱ ወታደር፣ ‘አንቺ ሂጂ እኅቴ፤ ብቻ ጸልዪልኝ’ ነው ያለኝ።”

ባምላክ ማኅደሩን በትከሻው አንግቶ በቁም መስተዋቱ ፊት ቆመ። ጢሙ ሸብቷል፤ ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው ወደ አንዱ ደብር የሚሄድ በገና ደርዳሪ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ልብሱን እንኳ መለወጥ አያስፈልገውም ነበር።

“ቢከፍቱትስ?” አለ ከመስተዋቱ ሳይዞር።

“አይከፍቱትም” አለች ወንጌላዊት።

“ቢከፍቱትስ አልሁ።”

“ያኔ ደብዳቤህን ታሳያለሃ!”

“ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ በበገና ማኅደር ውስጥ ከተገኘ ግን እሱም ሐሰተኛ ይመስላል። እኔን ይይዙኛል፤ እሱ ቀላል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያ መንገድ የሚያልፍ በገና ሁሉ ይከፈታል። ያንቺም ጭምር፣ ማህሌት።”

ማህሌት ጥቂት ዐሰበች። “ባይከፍቱትስ፣ አባዬ?”

“ባይከፍቱትማ የባሰ ነው። ያ ወታደር ጸልይልኝ ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?”

“ጸልይለታ!” አለች ወንጌላዊት፤ እናትና ልጅ ሣቁ። የወንጌላዊት ሣቅ ግን ቶሎ አለቀና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። “ስማኝ ባምላክ፤ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ በጀሪካን ወንዝ ሲወርድ የሰነበተ ሰው፣ ዕቃው በምን ማኅደር እንደ መጣ አይጠይቅህም።”

“አይጠይቀኝም” አለ ባምላክ፤ የማኅደሩንም ጠፍር መፍታት ጀመረ።

ከቀትር በኋላ መፈለጊያውን በነጠላ ጠቅልሎ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ከከተማው ጫፍ፣ ደንገሉ ታጭዶ በሚሰጣበት ገላጣ ላይ፣ ጋሽ መስዑድ ከልጃቸው ከመሪማ ጋር ታንኳ ይሠራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሰፈራቸው ቧንቧ ያስገባው ባምላክ ነበርና ሽማግሌው ከሩቅ ዐወቁት።

“ውኃው አልተቋረጠም፤ ምን ልትጠግን መጣህ?” አሉት ከተቀመጡበት የደንገል ነዶ ሳይነሡ።

“ዛሬስ ለማኝ ሆኜ ነው የመጣሁ፣ ጋሽ መስዑድ።”

ነጠላውን ፈትቶ ዕቃውን አሳያቸውና የሚፈልገውን ነገራቸው። ማኅደሩ ቀላል ይሁን፤ መንገዱ ሲያነጥረው ንጥረቱን የሚውጥ ይሁን፤ ብረት የሚባል ነገር አይኑርበት። ሽማግሌው ክቡን ሰሌዳ በመዳፋቸው መዘኑ።

“ዓሣ የሚጭን ታንኳ ሠርቻለሁ፤ ማገዶ የሚጭን ሠርቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ሙሽራ ጭኗል። ለብረት መፈለጊያ ታንኳ ሥራ የተባልሁ ግን ዛሬ ነው። አባቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ነው።”

ባምላክ ሊያግዝ ብሎ አጠገቡ ካለው ክምር አንድ እቅፍ ደንገል ሲያነሣ መሪማ ከእጁ ተቀበለችው። “ይሄን ይተዉት ጋሼ፤ ትላንት የታጨደ ነው፤ ገና ውኃውን አልጨረሰም። ዕቃዎን ያረጥብብዎታል።” ወደ ጎጇቸው ግድግዳ ሄዳ በደንብ ከደረቀው ሁለት ነዶ አመጣች።

“እሱ ለኢብራሂም ታንኳ የተቀመጠ ነው” አሉ ጋሽ መስዑድ።

“ኢብራሂም አንድ ቀን ይታገሥ፤ ዓሣው ለሱ ብሎ አይሰደድም።”

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ደንገሉን በቀጭን በቀጭኑ ጠቅልለው አሰሩት፤ ጥቅሉን ከጥቅል ጋር እያጋጠሙ በወስፌና በገመድ ሰፉት፤ በጉልበታቸው እየተጫኑ ወለሉን ከዚያም ግድግዳውን አወጡ። መሪማ ለክቡ ሰሌዳ ጎድጓዳ ቦታ፣ ለዘንጎቹ ሦስት ቦይ አበጀችለት። በእጃቸው የለመዱትን ከመሥራት አልወጡምና፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከመካከላቸው የተገኘው ነገር ሁለቱም ጫፉ የሾለ ትንሽ ታንኳ ነበረ። ሽማግሌው ከላይ ክዳን ሠርተው አስተኙበትና እጃቸውን አራገፉ።

መሪማ ራቅ ብላ አየችው። ከዚያም አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

“ምን ያሥቅሻል?”

“አባዬ፣ ይኸማ ዞሮ ዞሮ የጠመንጃ አፎት ነው!”

ሁለቱ ወንዶች ተመለከቱት። ቀጭን፣ ረጅም፣ የተሸፈነ። ባምላክ ጥቁሩን ሣጥን ቤት ጥሎ መምጣቱ ምንም እንዳልጠቀመው ተገነዘበ።

“ክዳኑን ይተዉታ” አለች መሪማ። “ሰው የሚፈራው የተሸፈነውን ነው።”

“እሱንም ዐስቤዋለሁ” አለ ባምላክ። “እንፍራንዝ ዙሪያ የድሮ ፍርስራሽ ሞልቷል። በዚህ ዓይነት ዕቃ እየዞረ ወርቅና ቅርስ የሚቆፍር ሰው አለ ይባላል፤ አገሬው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል። ብሸፍነው ጠመንጃ የያዝሁ ነኝ፤ ብገልጠው ሌባ ነኝ።”

ጋሽ መስዑድ በገመድ የተፋፋቀ ጣታቸውን አሻሹ። “ከሁለቱ የቱንም አይደለህም። መምሰሉ ካልቀረልህ ግን ሌባውን ምሰል።”

“ለምን?”

“ጠመንጃ ያዘ የተባለን ሰው ማን ቀርቦ ይጠይቀዋል? ሌባ ግን ይጠየቃል። የሚጠየቅ ሰው ደግሞ መልስ መስጠት ይችላል።”

ባምላክ ክዳኑን አንሥቶ ለመሪማ ሰጣት። እሷም ፈትታ ደንገሉን ወደ ኢብራሂም ነዶ መለሰችው።

ከመሄዱ በፊት መፈለጊያውን ገጣጥሞ ብረት የሌለበት መሆኑን ሊያረጋግጥ ባዶውን ማኅደር በላዩ ዳሰሰው። መካከሉ ላይ ሲደርስ ዕቃው ጮኸ። ሽማግሌው ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። እንደ ገና ዳሰሰው፤ እንደ ገና ጮኸ። መሪማ ጎንበስ ብላ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ጣቷን ሰደደችና ረጅም ወስፌ ጎትታ አወጣች።

“ወስፌዬ! ከነዶው ውስጥ ነው ለካ! ከትላንት ወዲያ ጀምሮ ኢብራሂም ወሰደብኝ እያልሁ ለሰፈሩ ሁሉ ሳማው! አሁን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው?”

“ተዪው” አሉ አባቷ። “ያልሰማውን ሐሜት አንቺው ልትነግሪው ነው? ይልቅ ያማሽለትን ሰው ሁሉ እየዞርሽ ውሸቴን ነበር በዪ።”

ለድካማቸው ከፍሎ፣ ማኅደሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ክንዱ ዳግመኛ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። “ይኸስ ምንድን ነው? የዓሣ ትሪ?” ቀርቦ ሲመለከት ዕቃው ተዘርግቶ ይታያል፤ ዘንጉ ዘንግ ነው፤ ሰሌዳው ሰሌዳ ነው። “እንዲህ ከሆነ ይግቡ። ብቻ ጣሪያ ላይ አይጫንም።”

“ጣሪያ ላይማ ብትለምነኝም አልሰጥህም” አለ ባምላክ፤ ማኅደሩንም በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ደንገሉ የመንገዱን ንጥረት ይውጠው ነበር፤ በየጉድጓዱ የሚነጥረው የባምላክ አጥንት እንጂ ዕቃው አልነበረም።

ከጎኑ የተቀመጠችው አገርነሽ የምትባል ሴት ናት። እሷም በጉልበቷ ላይ ካርቶን ይዛለች፤ በካርቶኑ ውስጥ ከተፈለፈሉ ሁለት ቀን ያልሞላቸው ስድሳ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ለሻይ ሲቆም ማኅደሩን በአገጯ እያመለከተች ጠየቀችው።

“ወርቅ ፍለጋ ነው?”

“ቧንቧ ፍለጋ ነው።”

“ወርቅ ብታገኝ ግን ትናገራለህ?”

“አላውቅም፤ አግኝቼ አላውቅም። ቧንቧ ሳገኝ ግን እናገራለሁ።”

“እንግዲያውስ ሐቀኛ ነህ” አለች ሣቅ ብላ፤ ከካርቶኑ ጠርዝ ላይ የወጣች አንዲት ጫጩት አንሥታ ወደ ወገኖቿ መካከል መለሰቻት።

የመጀመሪያው ፍተሻ ላይ ጠባቂው በመስኮት አንገቱን አስገባ። “ምንድን ነው?” አለ። “ብረት መፈለጊያ” አለው ባምላክ፤ ደብዳቤውን ሰጠው፤ ጠባቂው ማኅተሙን አይቶ መለሰለት። በሁለተኛው ላይ አንዱ ወታደር እንዴት እንደሚጮህ አሳየኝ ብሎ በገዛ ቀበቶው ቁልፍ አስሞከረውና ጓደኞቹን ጠርቶ ተሣሣቁበት። የሽማግሌው ምክር እንደ ተባለው ሆነ፤ ጠየቁት፤ መለሰ።

ሦስተኛው አዲስ ዘመን ከተማን ካለፉ በኋላ ነበር። በዚያ የቆመው ጠባቂ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ መታወቂያውን ከፊቱ ጋር አስተያየ፤ ዕቃውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

“ደብዳቤው ልክ ነው” አለ። “ዕቃውን ግን አላውቀውም። የማላውቀውን አሳልፌ ነገ ብጠየቅ መልስ የለኝም። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ እሱ አይቶ ይወስን። እስከዚያው መኪናው ይቁም።”

ባምላክ ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ጠባቂው የሚኒባሱን ቁልፍ ከክንዱ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አንድ ሰዓት አለፈ። ጥላ የሌለበት ሜዳ ነው፤ ፀሐዩ የመኪናውን ቆርቆሮ አጋለው። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎም ባምላክን በስሙ ሳይሆን በዕቃው ይጠራው ጀመር።

“ባለ ብረቱ! ቢጠይቅህስ የወፍጮ ዕቃ ነው ብትለው ምን ነበር?”

“አይ፣ እሱ ሐቀኛ ነው!” አለ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ። “እውነት ተናጋሪው እሱ፤ ፀሐይ የምንበላው እኛ።”

ባምላክ ዘወር ብሎ ሰውየውን አየው። በቤቱ በመስተዋቱ ፊት ቆሞ በሐሰት የሚመጣውን ጉዳት ሁሉ አውጥቶ አውርዶ ነበር፤ የእውነት ዋጋ ግን በማን ላይ እንደሚወድቅ አንድ ጊዜም አልጠየቀም። ዋጋ ካለው ከፋዩ እሱ ብቻ የሚሆን መስሎት ነበር።

አገርነሽ የውኃ ፕላስቲኳን ክዳን እየሞላች ወደ ካርቶኑ ታወርዳለች። የጫጩቶቹ ጩኸት ቀንሷል፤ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ሁለቱን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነቻቸው፤ ከዚያ በኋላ አልመለሰቻቸውም። ባምላክ የሆነውን ዐወቀ። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ማኅደሩን ታቅፎ ወደ ጠባቂው ሄደ።

“ወንድሜ፣ የተጠራጠርኸው መኪናውን ነው ወይስ ዕቃውን?”

“ዕቃውን።”

“እንግዲያው ዕቃውን ያዘው። እኔንም ከነዕቃዬ ያዘኝ። ሰዎቹ ምንም አልያዙም፤ ይሂዱ።”

ጠባቂው ዐሰበ። “አንተ ትቆያለህ?”

“አለቃህ እስኪመጣ።”

ጠባቂው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለክንዱ ወረወረለት። ክንዱ ግን ወዲያው ወደ መኪናው አልሄደም፤ ወደ ባምላክ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አባቴ፣ ከዚህ ወዲያ ዛሬ ሌላ መኪና ላያገኙ ይችላሉ። እንፍራንዝ በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ዕቃውን ለሱ ይተዉለትና እርስዎ ይምጡ፤ ነገ ዳግመኛ በዚህ ሳልፍ እኔ አመጣልዎታለሁ።”

“የእንፍራንዝ ሰዎች የሚጠብቁት ዕቃውን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ሂድ፤ የሴትየዋ ጫጩቶች እያለቁ ነው።”

ክንዱ ወደ መሪው ወጣ። ተሳፋሪዎቹ ተጣድፈው ገቡ፤ የኋላ ወንበሩ ጎልማሳ ሲያልፍ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። አገርነሽ የመጨረሻዋ ነበረች፤ ካርቶኑን ይዛ መውጣት ስለ ተቸገረች ባምላክ ማኅደሩን መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ካርቶኑን ተቀበላት፤ ስትቀመጥም መልሶ በጉልበቷ ላይ አኖረላት። ባዶ ወደ ሆነው ወንበሩ ተመለከተች።

“አንተስ?” አለችው።

“ካርቶኑን እዚያ አድርጊው፤ ከመስኮቱ ነፋስ ያገኛል።”

የሚኒባሱን በር ከውጭ ሳበና ዘጋው፤ ረዳቶች ‘ሂድ’ ለማለት እንደሚያደርጉትም ቆርቆሮውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ።